ድልድዩ የማን ነው? ጥያቄና መልስ ከአንድ የድልድይ ጥገና መሐንዲስ ጋር

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ የሰፈራችን ድልድይ ተሰንጥቋል። ወረዳው ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ክልል ላከን። ኃላፊው ማነው?

መልስ፦ ድልድይ የሚከተለው መንገዱን ነው። አገር አቋራጭ ዋና መንገድ ከሆነ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርን ጠይቁ። የክልል መንገድ ከሆነ የክልሉን፣ የከተማ ከሆነ ከተማ አስተዳደሩን፣ የቀበሌ ማገናኛ ከሆነ ወረዳውን። በቃል አትመላለሱ። ደብዳቤ አስገቡና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ያዙ።

ጥያቄ፦ የጥገናው ብርስ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ በዋናነት ከመንገድ ፈንድ። ለመንገድ ጥገና የሚሰበሰብ ገንዘብ ነው፤ ነዳጅ በቀዳችሁ ቁጥር ለእሱ ትከፍላላችሁ።

ጥያቄ፦ ድልድያችን አደገኛ ነው ወይ?

መልስ፦ የትኛው ድልድይ? የት ያለ? ምን አያችሁ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ደህና የሚመስል ድልድይ በአንድ ክረምት ለምን ይወድቃል?

መልስ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር። ድልድይ የሚሞተው ከእግሩ ነው። ሰው ላዩን አስፋልት ያያል። ጎርፉ ግን የምሰሶውን መሠረት ሥር ሥሩን ይቦረቡራል። ውሃው ሲጎድል ጉድጓዱን ደለል ይሞላዋል። በበጋ ስታዩት ምንም የሆነ አይመስልም፤ ደለል ግን ድልድይ አይሸከምም። ከወንዙ አሸዋ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ከድልድዩ ራቅ ብሎ በወንዙ ቁልቁል የተቆፈረው ጉድጓድ በጎርፍ እየተሸረሸረ ወደ ላይ፣ ወደ ምሰሶው ይመጣል። «ራቅ ብለን ነው የምናወጣው» ዋስትና አይሆንም። ከድልድይ አካባቢ አሸዋ አታውጡ!

ከጠያቂዎቹ አንዱ፦ የድሮ ሰው ይሻላል። ጢስ ዓባይ ያለው የዓለታ ድልድይ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል።

ሌላ ጠያቂ፦ እዚያው ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይስ? መሀሉ ተሰብሮ ሰው ስንት ዘመን በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ!

የመጀመሪያው፦ እሱን የሰበረው የጣሊያን ጊዜ ጦርነት ነው። ግንበኛው ምን አጠፋ?

ሁለተኛው፦ በኋላ በብረት የተጠገነውን ግን ጎርፍ ነው የወሰደው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ዓለታ አለት ላይ ነው የቆመው። አብዛኛው ድልድያችን ግን ያን ዕድል አላገኘም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ አሸዋ የሚያወጡት ወጣቶች ፈቃድ አላቸው። ወረዳው ምን ማድረግ ይችላል?

መልስ፦ ፈቃድ ድልድይ የማፍረስ መብት አይደለም። ወረዳው ለፈቃድ ሰጪውም ለመንገድ መሥሪያ ቤቱም ዛሬውኑ ይጻፍ። ልጆቹም እንጀራቸው ነውና ሌላ ቦታ ይፈለግላቸው። እደግመዋለሁ፦ ከድልድይ አካባቢ አሸዋ አይወጣም።

ጥያቄ፦ የመደገፊያውን ብረት ሌባ እየፈታ ወሰደው።

መልስ፦ ለፖሊስ አመልክቱ። የሚገዛውም ይጠየቅ።

ጥያቄ፦ የኛስ ድልድይ የማን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ መልሻለሁ። መንገዱን ተከተል።

ጥያቄ፦ ክረምት ሳይገባ ምን እናድርግ?

መልስ፦ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ጥረጉ። ምሰሶው ላይ የተጠመደውን ግንድ አውጡ። የምሰሶውን እግር ግንቦት ላይ ፎቶ አንሱት፤ መስከረም ላይም ከዚያው ቦታ ደግማችሁ አንሱና አስተያዩ። መሠረቱ ተገልጦ ከታየ ለትራፊክ ፖሊስ ተናግራችሁ መኪና ይቁም። ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።