ለክትባት ሳጥን ማንቂያ የትኛው ባለሁለት ኮምፓራተር ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። የክትባት መያዣ ሳጥን ሙቀት ከ2 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ወይም ከ8 በላይ ሲወጣ የሚጮህ ማንቂያ በኤልኤም393 (ሁለት ኮምፓራተሮች፣ ማለትም ሁለት ቮልቴጆችን አወዳድረው የትኛው እንደሚበልጥ የሚያሳውቁ ሰርኪዩቶች ባሉበት ቺፕ) እንደሠሩ፣ ነገር ግን አንዷ የሊቲየም ባትሪ ቶሎ ስለምታልቅ በምን ቺፕ ቢተኩት እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም ተመሳሳይ ሰርኪዩት ሠርቼ ስለነበር ያየሁትን ልንገርዎት።

ምርጫዬ የማይክሮቺፕ ኤምሲፒ6547 ነው። ኤልኤም393 ለሁለቱ ኮምፓራተሮች በድምሩ 0.4 ሚሊአምፒር ያህል ሲወስድ፣ ይህኛው ለእያንዳንዱ 0.6 ማይክሮአምፒር ገደማ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ያኛው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን 10 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይህኛው የሚጨርሰው በአንድ ዓመት ነው። ከ1.6 እስከ 5.5 ቮልት ስለሚሠራ ሙሉ የተሞላች ባትሪ 4.2 ቮልት አትጎዳውም፤ የእግሮቹም ቅደም ተከተል ከኤልኤም393 ጋር አንድ ነው።

በስም የሚቀራረበውን ኤምሲፒ6542 ግን በዚህ ቦታ እንዳይጠቀሙ አደራ እላለሁ። የኮምፓራተሮቹን ሁለት ውጤቶች (መውጫ እግሮች) በአንድ ፑል-አፕ ሬዚስተር (መስመሩን ወደ ባትሪው ቮልቴጅ በሚስብ) ላይ አገናኝተው ከሆነ፣ እንዲህ ማገናኘት የሚቻለው እንደ ኤልኤም393 ኦፕን ኮሌክተር ወይም እንደ ኤምሲፒ6547 ኦፕን ድሬን፣ ማለትም ውጤቱ ወደ ታች ብቻ የሚጎትት ሲሆን ብቻ ነው። 6542 ፑሽ-ፑል ነው፣ ማለትም ወደ ላይም ወደ ታችም ይጎትታል፤ እኔ ልዩነቱን ሳላስተውል በተከልኩት ጊዜ አንደኛው ውጤት ወደ ላይ ሌላኛው ወደ ታች እየጎተተ ቮልቴጁ መሃል ላይ ቀረ፣ ለቁጠባ የተመረጠው ቺፕም ከረንቱን በከንቱ ያፈስ ነበር።

ይሁንና ትልቁ ጥቅም የሚገኘው በቺፑ ዙሪያ ካሉት ሬዚስተሮች ነው። ሁለቱን ገደቦች የሚወስኑት ሦስት ሬዚስተሮች በድምሩ 30 ኪሎኦም ቢሆኑ፣ በ3.7 ቮልት ብቻቸውን 0.12 ሚሊአምፒር ይወስዳሉ፤ ወደ 3 ሜጋኦም ቢያሳድጓቸው ግን ወደ 1.2 ማይክሮአምፒር ይወርዳል። ይህን በኤልኤም393 መሞከር አይበጅም፤ መግቢያው እስከ 250 ናኖአምፒር ሊያፈስ ስለሚችል፣ በ500 ኪሎኦም ላይ ይህ የ125 ሚሊቮልት ስሕተት ነው። በተለመደው ቴርሚስተር (ሬዚስታንሱ ከሙቀት ጋር በሚለዋወጥ መለኪያ) እኩል ሬዚስተር ሲገጠምለት አንድ ዲግሪ 47 ሚሊቮልት ያህል ስለሚሆን፣ ስሕተቱ ወደ 3 ዲግሪ ይጠጋል፤ ለክትባት ደግሞ ያለን ስፋት 6 ዲግሪ ብቻ ነው። የኤምሲፒ6547 የመግቢያ ከረንት በፒኮአምፒር የሚቆጠር በመሆኑ ይህ ችግር የለበትም። ቴርሚስተሩም ከረንት እንዳያባክን በ100 ኪሎኦም ዓይነት ይተኩት።

ሬዚስተሮቹ ሲተልቁ ከብየዳ የተረፈ ፍላክስና እርጥበት በቦርዱ ላይ የከረንት መንገድ ስለሚከፍቱ ቦርዱን በአልኮል በሚገባ ያጽዱት፤ የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርም ከቺፑ የኃይል እግር አጠገብ ይኑር። የቺፑ የውስጥ ሂስተሪሲስ (ውጤቱ በሚበራበትና በሚጠፋበት ቮልቴጅ መካከል ያለው ክፍተት) 3.3 ሚሊቮልት ገደማ ስለሆነ፣ ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ማንቂያው እንዳይንተባተብ ተጨማሪ ሂስተሪሲስ ያስፈልገዋል።

ወደፊት በ12 ቮልት ባትሪ ለመሥራት ካሰቡ ይህ ቺፕ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ እስከ 16 ቮልት የሚችለውን ቲኤልሲ393 ይውሰዱ፣ እርሱም ኦፕን ድሬን ሲሆን ለሁለቱም 22 ማይክሮአምፒር ያህል ይወስዳል።