ሊቲየምን ደብቆ መዋጥ

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ሊቲየም ጀምሮ አሁን ደህና ሆኗል። «እብድ» እንዳይባል ክኒኑን ተደብቆ ነው የሚውጠው። በቀደም ጥርሱን አሞት ማስታገሻ ሲታዘዝለት እንኳ ሊቲየም እንደሚወስድ አልተናገረም። ዘመዶቻችን ደግሞ «ከዳነ ለምን አያቆመውም?» ይላሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከጥርሱ እንጀምር፤ አጣዳፊው እሱ ነው። የማስታገሻውን ስም ዛሬውኑ ይዩት። አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከሆነ፣ ኩላሊት ሊቲየምን በሽንት የማስወጣት አቅሙ ስለሚቀንስ የክኒኑ መጠን ሳይጨመር በደሙ ውስጥ ያለው ሊቲየም ሊያሻቅብ ይችላል። ለሐኪሙ ይንገሩት፤ በአብዛኛው ፓራሲታሞል ይሻላል። ብርቱ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ መንገዳገድ ወይም የአንደበት መጎላደፍ ካዩበት ቀጣዩን ክኒን ሳይውጥ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ሊቲየም በሚጠቅምበትና በሚመርዝበት መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ለብዙ አዋቂዎች የሚፈለገው በሊትር ደም ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሞል ሲሆን፣ ከ1.5 ሲያልፍ መመረዝ ያሰጋል። ተቅማጥ፣ ብዙ ላብ፣ ጨውን በድንገት መተው፣ እንደ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶችም መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። ለምርመራ ደም የሚቀዳው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ 12 ሰዓት ሲሞላው ነው፤ ጠዋት ውጦ ከሄደ ውጤቱ ከፍ ብሎ ሐኪሙን ያሳስታል። ኩላሊቱና ታይሮይዱም በየ6 ወሩ ይታይ።

ስለ ማቆሙ፦ ደህና የሆነው መድኃኒቱ ሕመሙን ስለያዘለት ሊሆን ይችላል። በአንድ ጊዜ ከተቋረጠ በተለይ ማኒያው (ከልክ ያለፈው የመነቃቃት ስሜት) ቶሎ ሊያገረሽ ይችላል። ማቆም ቢያስፈልግ እንኳ ከሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ቢያንስ በ4 ሳምንት፣ ቢቻል እስከ 3 ወር ድረስ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው።

ለሥራ ባልደረቦቹ መንገር አለመንገር የራሱ ምርጫ ነው። የሚያክመው ሐኪምና መድኃኒት የሚሸጥለት ፋርማሲስት ግን ሁሉም ሊያውቁ ይገባል፤ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ጽፎ በኪስ ቦርሳው ይያዝ።

ማግለል ከቤትም ይጀምራል። በሳቀና በተቆጣ ቁጥር «ክኒንህን ወስደሃል?» ማለት ሰውየውን ከነጭራሹ በሽታው አድርጎ ማየት ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ይልቅ እንቅልፉን ተከታተሉ። ለተከታታይ ሌሊቶች 3 ወይም 4 ሰዓት ብቻ ተኝቶ ድካም ካልተሰማው፣ ንግግሩ ከፈጠነ፣ ገንዘብ መበተን ከጀመረ ለሐኪሙ ደውሉ። ማን እንደሚደውል አሁን ደህና ሳለ ከእሱ ጋር ተስማሙ። ስለ መሞት ካወራ ግን ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት።