የድሮ ፎቅ ቤት ከታች ሲላጥ

ጥያቄው የመጣው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከምትኖር እህታችን ነው። ከአባቷ የወረሰችው ባለ አንድ ፎቅ ቤት አላት፤ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። ታችኛው ድንጋይ በጭቃ የተገነባ፣ ላይኛው እንጨትና ጭቃ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ታችኛውን በሲሚንቶ አስለሰነችው። አሁን ልስኑ ከወለሉ እስከ ወገብ እያበጠ ይወድቃል። የሱቁ በር በክረምት አልዘጋ ይላል፣ ከበሩ በላይ በስተቀኝ ጥግ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ወጥቷል። ከደጅ ኮብልስቶን ከተነጠፈ ወዲህ ወደ ሱቁ የሚገባው አንድ ደረጃ ወርዶ ነው። "በጠንካራ ሲሚንቶ ደግሜ ላስለስነው?" ትላለች።

እህቴ፣ እንዳታደርጊው። ጥርጣሬዬ ውሃው ላይ ነው፣ ያውም ከሁለት በኩል የሚመጣ። አንዱ ከመንገዱ ወደ ግድግዳው እግር ይገባል። ሌላው በቀኝ በኩል ካለው አሸንዳ ይንጠባጠባል። የበሩን አናት የተሸከመው አግዳሚ እንጨት ቀኝ ጫፉ የበሰበሰ ይመስለኛል። በሩ አልዘጋ የሚለውም በእሱ ምክንያት ነው።

ካቻቢቴ ያዢና ስንጥቁ ሥር የእንጨቱን ጫፍ ውጊው። ጤነኛ ጥድ ካቻቢቴ አያስገባም። ዘው ካለ በስብሷል። ከዚያ በኋላ ግን ሳትደግፊ ምንም አትንኪ! ልስንም ቢሆን። ያ እንጨት ላይኛውን ፎቅ ከነሰዉ ተሸክሟል።

ሲሚንቶው ለምን እንደጎዳሽ ላስረዳሽ፣ ብዙ ቤት የሚፈርሰው ይህን ባለማወቅ ነውና። በጭቃ የተገነባ ድንጋይ ሁልጊዜ ከመሬት እርጥበት ይስባል። የድሮ ግንበኞች ይህን ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ በጭቃና በጭድ ወይም በኖራ ይለስኑ ነበር። እርጥበቱ በልስኑ አልፎ ይተናል፣ ግድግዳው በበጋ ይደርቃል። ሲሚንቶ ግን እንደ ላስቲክ ይሸፍነዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከመሬት ያመጣው ጨው ከልስኑ ጀርባ እየተከማቸ ይገፋዋል። ማበጡ ይኼ ነው። መዶሻ ስታንኳኪበት ባዶ ድምፅ ይሰጥሻል። ሲሚንቶውን ባጠነከርሽው ቁጥር እርጥበቱ ከፍ ይላል፣ መጨረሻ ላይ እንጨቱ ጋ ይደርሳል። ያን ልስን የለሰነው ሰው ግድግዳውን አንድ ቀን እንኳ ሳያደርቅ ነው የሸፈነው፤ በጣም ያናድደኛል።

ሥራውን በድጋፍ ጀምሪ። ከሱቁ ውስጥ፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ የፎቁን ወለል በተሸከሙት እንጨቶች ሥር ወፍራም ጣውላ አግድሚ። ቀጥ ባሉ ወፍራም የባህር ዛፍ ቋሚዎች ደግፊው፣ ከሥራቸውም ጣውላ ይነጠፍ። በሽብልቅ አጥብቂ እንጂ ፎቁን ለማንሳት አትሞክሪ። ከዚያ ሲሚንቶውን በመሮ እያነሳሽ እርጥበቱ ከታየበት አንድ ክንድ ያህል ከፍ እስኪል አስወግጂ። የበሰበሰው እንጨት በደረቅ ጠንካራ እንጨት ይቀየር፤ ይህን ለልምድ ላለው አናጢ ስጪው። ከደጅ፣ በግድግዳውና በኮብልስቶኑ መካከል ጠባብ ቦይ ይቆፈር፣ ከሱቁ ወለል ዝቅ ብሎ ተዳፍቶ ወደ መንገዱ ቦይ ይውጣ። አሸንዳውንም ቀይሪ። ገበያው በእጅ ሲጫኑት በሚጎብጥ ስስ ቆርቆሮ ተሞልቷል፣ አንድ ክረምት አይሻገርም። ወፈር ያለውን ግዢ።

ግድግዳው ሳይደርቅ አትለስኚ። ከደረቀ በኋላ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ፣ በስሱ፣ ደረብ ደረብ እያደረግሽ።

አንድ ነገር ግን አጣሪ። ደሴ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት፣ መሬቱ የሚንሸራተትበት ሰፈርም አለ። ስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፊና ቀን ጻፊበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ፣ ወይም ስንጥቁ ከመሬት እስከ ጣሪያ ከሆነ፣ ሥራውን አቁመሽ መሐንዲስ ጥሪ።

ከመስቀል በኋላ ጀምሪና የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ጨርሺ። ድጋፉን ደግሞ አዲሱ እንጨት ገብቶ፣ በላዩ ያለው ግንብ ተሞልቶ እስኪደርቅ ድረስ ማንም እንዳያነሳብሽ።