ፕላስቲኩ ጂኑን ነው የሚቀይረው ወይስ ማብሪያ ማጥፊያውን?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እህታችሁ ነኝ። ማይክሮ ፕላስቲክ፣ ማለትም ደቃቅ የፕላስቲክ ብናኝ፣ የትንንሽ እንስሳትን ጂን ያዛባል ሲባል ሰምቼ ግራ ገባኝ። ፕላስቲክ እኮ ሆድ ውስጥም ቢገባ የማይፈጭ ነገር ነው፣ ታዲያ እንዴት አርጎ ነው ጂን ጋ የሚደርሰው? ዲኤንኤያቸውን ቀየረው ማለት ነው? ለልጆቻቸውስ ይተላለፋል?

መልስ፦ ዲኤንኤውን ቀየረው ማለት አይደለም እህቴ። የዲኤንኤው ጽሁፍ እንዳለ ነው፣ የሚረበሸው የቱ ጂን ይብራ የቱ ይጥፋ ምን ያህል ይስራ የሚለው ነው። የአይንሽም የጉበትሽም ሴል የያዘው ዲኤንኤ እኮ ያው አንድ ነው፣ የሚለያያቸው የበራው ጂን ነው።

ፕላስቲኩ ደግሞ የግድ ጂኑን መንካት የለበትም። ዳፍኒያ የምትባለውን የውሃ ቁንጫ ውሰጂ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብትሆን ነው፣ ውሃ እያጣራች ነው የምትበላው፣ አልጌ ይሁን ፕላስቲክ ብዙም አትለይም፣ ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የሚያበራ ቀለም ያለው ፕላስቲክ ከሰጠሻት አንጀቷ ውስጥ ሞልቶ በማይክሮስኮፕ ታይዋለሽ። ለምግቡ ቦታ ያንሳል፣ የአንጀት ግድግዳ ይቆጣል፣ ሴሎቹ ውስጥ ያገኙትን ሁሉ የሚያጠቁ የኦክስጅን ሞለኪውሎች ይበዛሉ፣ ሴሉም ይሄን ሲያይ የአደጋ ጊዜ ጂኖቹን ያበራል።

ይሄን በደንብ ያሳየችን ሲ ኤለጋንስ የምትባል 1 ሚሊሜትር የምታህል ትል ናት። ኤስኬኤን 1 የሚባል ፕሮቲን አላት፣ በሰላሙ ጊዜ ሴሉ ራሱ እየሰባበረ ያስወግደዋል፣ ጭንቀት ሲመጣ ግን ወደ ኒውክለስ ገብቶ መርዝ የሚያስወግዱ ጂኖችን ያስነሳል። ፖሊስታይሪን ናኖ ፕላስቲክ፣ ማለትም ከ1 ማይክሮሜትር በታች የሆነው፣ ሲሰጣት ከነዚህ ጂኖች አንዱ ጂኤስቲ 4 አንጀቷ ላይ ከፍ ብሎ ታይቷል። ግን ይሄ መከላከል ነጻ አይደለም፣ ለእድገትና ለእንቁላል የሚሆነው ጉልበት እዛ ይሄዳል፣ እኔን የሚያሳስበኝም ከመሞቷ ይልቅ ይሄ ነው፣ ትሏ በህይወት አለች ግን ልጆቿ እያነሱ ነው።

ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎችም አሉ፣ ጂኑ ከተነበበ በኋላ መልእክቱን ዝም የሚያሰኙ። እነሱም መጀመሪያ የተገኙት በዚችው ትል ላይ በ1993 ነው፣ ለዚህም ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን በ2024 ኖቤል ተሸልመዋል። ናኖ ፕላስቲክ የነሱንም መጠን ይቀያይራል።

ወደ ልጆች ይተላለፋል ወይ ላልሽው፣ ትሏ ላይ አዎ፣ እናት ብቻ ተጋልጣ ልጆቿ ንጹህ ቦታ አድገውም ጉዳቱ የታየባቸው ሙከራዎች አሉ። ይሄም ጽሁፉ ሳይነካ፣ ዲኤንኤው በተጠቀለለባቸው ፕሮቲኖች ላይ ባሉ ምልክቶችና በትንንሽ አርኤንኤዎች ሊሆን የሚችል ነገር ነው።

ግን እባክሽ ከትል ወደ ሰው አትዝለይ። ላብ ውስጥ የሚሰጠው መጠን ብዙ ጊዜ ከተፈጥሮው ይበልጣል፣ ደግሞ ንጹህ ክብ የፕላስቲክ ኳስ ነው፣ ውሃው ውስጥ ያለው ግን ጸሀይ የበላው ስብርባሪና ክር ነው። ለገበያ የሚቀርበው ኳስ ራሱ መርዛማ ማቆያ ኬሚካል ሊኖርበት ይችላል። ርሃብ ብቻውንም የሚበሩትን ጂኖች ይቀያይራል! ስለዚህ ጥናት ስታነቢ መጀመሪያ የምትፈልጊው ይሄን ነው፣ በፕላስቲክ ፋንታ ያንኑ የሚያህል የሸክላ አፈር ብናኝ የተሰጠው ቡድን አለ ወይ? ሁለቱም ጋ ያው ጂን ከበራ ጥፋቱ የፕላስቲክነቱ ሳይሆን አንጀት መሙላቱ ሊሆን ይችላል።