መልስ፦ ለአባቴ ወገብ ስቴም ሴል ብለን ቤት እንሽጥ?

እህቴ፣ አባትሽ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ወገባቸው ስድስት ዓመት እንዳሰቃያቸው፣ ደላላው ደግሞ «ውጭ አገር በስቴም ሴል ይድናሉ» እንዳላችሁ ጽፈሻል። አቦ፣ የከዚራውን ቤት አትሽጡ!

ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል የሰውነት ሴል ነው፤ ለወገብ ሕመም ግን ነገሩ ገና ምርምር ላይ ነው። ሜሶብላስት የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ በ404 ሕመምተኞች ላይ ሞክሮ ውጤቱን በ2021 እ.ኤ.አ. አሳውቋል። ከለጋሾች መቅኔ የተገኘው ሴል አንዴ ብቻ ዲስኩ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ውስጥ ይወጋል፤ ለማነጻጸር የጨው ውሃ የተወጉም ነበሩ። ዋናው ግብ አልተሳካም። ሕመሙ ከጀመራቸው ከ68 ወር በታች የሆናቸው ሰዎች ግን የተሻለ እፎይታ አግኝተዋል። የአባትሽ ስድስት ዓመት ከዚያ ያልፋል።

ደግሞ እውነተኛ ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ ተሳታፊውን ለመርፌው አያስከፍልም። መጀመሪያ ድሬዳዋ ያለው ድል ጮራ ሆስፒታል ይታዩ፣ ፊዚዮቴራፒ ይጠይቁ። እግራቸው ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው ዛሬውኑ ውሰጃቸው።