ኮርስ ልመዝገብ ወይስ ዝም ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች! ልቦለድ መጻፍ በጣም እወዳለሁ። ስልኬ በተጀመሩ ታሪኮች ተሞልቷል፣ ያለቀ ግን አንድም የለም። የኦንላይን ኮርስ ስፈልግ መዓት መጣብኝ። አንዱ «ለጀማሪዎች» ይላል፣ አንዱ «ለላቁ ጸሐፊዎች»። አንዱ ቪዲዮ ብቻ ነው፣ ሌላው በየሳምንቱ ጽሑፍ አስገቢ ይላል። ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ነኝ። የቱ ይሻለኛል?
*ግራ የገባኝ*

መልስ፦ አይዞሽ፣ የተጀመረ ታሪክ ያልሞላው የጸሐፊ ስልክ የለም።

ግን ደረጃሽን «ስንት ዓመት ጻፍኩ» እያልሽ አትለኪው። ጨርሰሽ የምታውቂው ታሪክ አለ? የለም። ስለዚህ አሁን የሚያስፈልግሽ አንድ አጭር ልቦለድ፣ ከ1,500 እስከ 3,000 ቃል የሚሆን፣ እስከ መጨረሻው የሚያስጽፍሽ ኮርስ ነው። የረጅም ልቦለድ ኮርስ ውስጥ አሁን አትግቢ። 80,000 ቃል ገደማ የሚፈልግ ሥራ መሃሉ ላይ ጥሎሽ ይጠፋል፣ ወይም አንቺ ጥለሽው ትጠፊያለሽ።

«ለላቁ» የሚለው ስም አያስፈራሽ፣ አያጓጓሽ። ማንም ለኮርሱ የፈለገውን ስም ይለጥፋል። ከመቀበላቸው በፊት የጽሑፍ ናሙና እንድታስገቢ የሚጠይቁሽና አንብበው የሚመርጡ ከሆነ ግን፣ ያን ጊዜ ስሙን ቁም ነገር ብለሽ ያዢው።

ቪዲዮው መጥፎ አይደለም። በፈለግሽው ሰዓት ታይዋለሽ፣ ስለ ገጸ ባህሪና ስለ ምልልስ ጥሩ ነገር ልትሰሚ ትችያለሽ። ችግሩ ጽሑፍሽን ማንም አያነበውም፣ ብታቆሚም ማንም አይጠይቅሽም። በነጻ የሚሰጡ የኦንላይን ኮርሶችን ከተመዘገበው ሰው የሚጨርሰው ጥቂቱ ነው። ጀምሮ መተው ልማድ ለሆነበት ሰው ደግሞ... ገብቶሻል።

እኔ ገንዘብ የምከፍለው ለአስተያየት ነው። ጓደኛሽ በይሉኝታ «አሪፍ ነው» ይልሻል፣ በቃ። ጥሩ አስተማሪ ግን ሁለተኛው ገጽሽ ጠርዝ ላይ እንዲህ ብሎ ይጽፍልሻል፦ «ታሪኩን የምናየው በልጁ ዓይን ነው፣ እሱ ደግሞ ደጅ ቆሟል። ታዲያ እናቱ እልፍኝ ውስጥ ፈገግ ማለቷን በምን አወቀ?» አንድ ጊዜ እንዲህ ከተባልሽ በኋላ ያንን ስህተት በራስሽ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በሌላውም ላይ ማየት ትጀምሪያለሽ። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ፦ ጽሑፌን ማን ያነበዋል? አስተማሪው ነው ወይስ ተማሪዎቹ ብቻ? ስንት ጊዜ? አስተያየቱ በጽሑፍ ይሰጠኛል? መልሱን ካድበሰበሱብሽ ተያቸው።

ስለ ሰዓቱም እንነጋገር። ዎርክሾፕ የሚባለው ዓይነት፣ ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ጽሑፍ አንብበው የሚወያዩበት ማለቴ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በ1936 የተቋቋመው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ስሙን ያስጠራው ነው፣ እና ሰው ከሚገምተው በላይ ሰዓት ይበላል። ክፍሉ ሁለት ሰዓት ቢሆን እንኳ የሌሎቹን ታሪክ አንብበሽ አስተያየት መጻፍ አለብሽ፣ የራስሽም ጽሑፍ አለ። በልማዱ ደግሞ ሌሎቹ ሲወያዩ ጸሐፊዋ ዝም ብላ ትሰማለች። አንዳንዱ ይህን አይችለውም፣ ዛሬ ደግሞ ብዙ አስተማሪዎች ደንቡን አላልተውታል፣ እሱንም ጠይቂ።

ሰዓቱ እንዳለሽ ካላወቅሽ ኮርሱ የሚፈልገውን ያህል ሰዓት በሳምንት ቁረጪና ለአራት ሳምንት ብቻሽን ጻፊ። በሁለተኛው ሳምንት «ሥራ በዛብኝ» ካልሽ በየሳምንቱ አስገቢ የሚለውን አሁን ተይው፣ አጭርና ቀለል ያለ ፈልጊ። ሰርተፍኬቱን እርሺው። አሳታሚ የሚያየው ረቂቁን ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወደ 300 ገጽ የሚጠጋ ልቦለድ ጽፌ ጨርሻለሁ። ልጆቼ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ የፈጠራ ጽሑፍ ማስተርስ ተማር ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
*አንባቢያችሁ*

መልስ፦ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለዎት፣ መጨረስ ቀላል አይደለም። ማስተርሱ እንግሊዝ አገር በሙሉ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው፣ አሜሪካ ሁለት ወይም ሦስት። ማስተማር ከፈለጉ ወይም ተማሪነቱ ራሱ ከናፈቀዎት ይሂዱበት። ለዚህ መጽሐፍ ብለው ከሆነ ግን አልመክርዎትም።

ምክንያቱም በአብዛኛው ክፍል ውስጥ በአንድ ተራ የሚታይልዎት 20 ወይም 30 ገጽ ነው። መክፈቻው ደጋግሞ ይታሻል፣ ታሪኩ 200ኛው ገጽ ላይ ቢላላ ግን የሚያይልዎት ሰው የለም። ለእርስዎ የሚሻለው ለረቂቅ ክለሳ ተብሎ የተዘጋጀ ኮርስ ነው፣ ያውም ሙሉውን ረቂቅ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው ያለበት። እሱ ከሌለ አንድ ልምድ ያለው አርታኢ ከፍለው ያስነብቡ። ከመስጠትዎ በፊት ረቂቁን ለአንድ ወር ያህል ያስቀምጡት፣ ከዚያ በወረቀት አትመው እስክሪብቶ ይዘው ያንብቡት። የሰለቸዎት ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ አርታኢውንም መጀመሪያ ስለዚያ ቦታ ይጠይቁት።