ድልድሉ አልቆ ጭቅጭቁ ለምን ቀጠለ?

ጥያቄ፦ «የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። እናቴ ለሕክምና ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ዘንድ ከተቀመጠች ወዲህ ከባለቤቴ ጋር መግባባት አቅቶናል። እኔ ሥራ ስውል ሁለቱ ቤት ይውላሉ። የመድኃኒቱን ወጪ፣ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳትን ሰው፣ የመኝታውን ጉዳይ ሁሉ በወረቀት ደልድዬ ጨርሻለሁ፤ ባለቤቴ ግን ‹በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ› ማለቷን አልተወችም። ምን ቀረኝ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ዓይነት ችግሮች አሉ፤ እርስዎ የፈቱት አንደኛውን ብቻ ነው። የመድኃኒቱ ወጪ መነሻው፣ መድረሻውና በመካከል የሚፈቀደው እርምጃ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ስለሆነ፣ መሟላቱን ማንም ሰው ቆጥሮ ያረጋግጣል። የባለቤትዎ ቅሬታ ግን መድረሻው ገና አልተወሰነም። እርስዎ መፍትሔ የሚሉት የጭቅጭቁን መቆም ሊሆን ይችላል፤ እርሷ የምትፈልገው ደግሞ ምናልባት በቤቷ ጉዳይ መጠየቅን ነው። እንዲህ ላለው ቅሬታ ድልድል ሲቀርብለት፣ ድልድሉ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ባለቅሬታዋ «ጉዳዩ አልቋል፤ ከዚህ በኋላ አታንሺው» እንደተባለች ትቆጥረዋለች።

ሰዎች ችግር እንዴት እንደሚፈቱ ያጠናው አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ዓይነቱን ችግር ያብራራው ቤት በሚነድፍ አርክቴክት ነው። የሚፈለገው ነገር ሁሉ ከመነሻው ተሟልቶ አይታወቅም፤ አርክቴክቱ ከጠቅላላው ሐሳብ ላይ ሊሠራ የሚችለውን ክፍል እየነጠለ ሲሄድ ነው ሥራው ቅርጽ የሚይዘው። እርስዎም ያለ ወረቀት ይቀመጡና እንግድነት የተሰማት መቼ መቼ እንደሆነ ባለቤትዎን ይጠይቁ። «ሁልጊዜ» ብትል አይከራከሯት፤ ካለፈው ሳምንት አንድ ቀን መርጣ እንድትነግርዎ ይለምኗት። ምናልባት ጠያቂ ዘመድ ሳይነገራት መምጣቱ፣ ምናልባትም ማንም ደፍሮ ያላነሣው «እስከ መቼ?» የሚለው ጥያቄ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ከበድ ይላል። እናትን መቼ እንደምትመለስ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር በመሆኑ ሁሉም ይሸሸዋል፤ ዝምታውን የምትሸከመው ግን አብራ የምትውለው ሚስት ናት። ስለዚህ ጥያቄውን ማንሣት የልጅየው ድርሻ ነው። (እናትዎ ራሳቸው ምን እንደሚፈልጉ በደብዳቤዎ አንዲት መስመር እንኳ አላገኘሁም።) የሐኪሙን ቀጠሮ ታሳቢ አድርገው፣ ቤታቸውንና ጎረቤታቸውን ናፍቀው እንደሆነ ለብቻቸው ይጠይቋቸው።

ከዚያ ከተገኘው ውስጥ አንዱን ብቻ ለሁለት ሳምንት ይሞክሩ፤ ለምሳሌ ጠያቂ ሲመጣ ለባለቤትዎ አስቀድሞ እንዲነገራት። ቅሬታው መልኩን ቀይሮ ቢመለስ ሙከራው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ ችግሩ እየጠራ መሄዱን ሊያሳይ ይችላል።

ሽማግሌ ለመጥራት ግን አይቸኩሉ። ሽምግልና በዳይና ተበዳይ በሚለይበት ጠብ እጅግ ይረዳል፤ እዚህ ግን የበደለ ሰው ስለሌለ፣ አስታራቂዎቹ ፈልገው አንዱን ያገኛሉ፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሚስት ናት።